ለሰደድ እሳት ወቅት የሚዘጋጅ የሕክምና ቡድን ማንን ይጠብቅ?

ጠያቂያችን በቅርቡ የድንገተኛ ሕክምና ቡድን አስተባባሪ ሆነው እንደተመደቡና የሰደድ እሳት ወቅት ከመግባቱ በፊት ምን ማዘጋጀት እንዳለብዎ ጠይቀዋል። ካያያዙት የዕቃ ዝርዝር ውስጥ አብዛኛው የቃጠሎ ቅባት፣ የቁስል መሸፈኛና ፋሻ መሆኑን ተመልክቻለሁ። በአምቡላንስ ላይ በነርስነት፣ ኋላም በአስተባባሪነት ብዙ የእሳት ወቅቶችን ያሳለፍኩ በመሆኔ መልሴን ከዚያው ዝርዝር እጀምራለሁ። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም በእሳት ወቅት ወደ እኛ ከሚመጡት ሰዎች መካከል የተቃጠሉት ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙዎቹ ነበልባሉን በዐይናቸው እንኳ ሳያዩ ጭሱ ትንፋሻቸውን ያሳጠረባቸው፣ መድኃኒታቸውን ቤት ጥለው የወጡ፣ መብራት በመጥፋቱ የኦክስጅን መሣሪያቸው የቆመባቸው፣ ወይም የኩላሊት እጥበት ቀጠሯቸው ያለፈባቸው ናቸው።

እኔም በመጀመሪያው ወቅቴ መኪናችንን እርስዎ እንዳሰቡት በቃጠሎ ቁሳቁስ ሞልቼ ነበር የወጣሁት። ሦስት ሳምንት ያህል ስንሠራ ያ ቁሳቁስ ያስፈለጋቸው ታካሚዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የሳልቡታሞል (የጠበበ የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት) ፓፋችን ግን በአራተኛው ቀን አለቀ፣ ኦክስጅናችንም ከዚያ ቀድሞ። አስም የተነሣባትን ልጇን አቅፋ በሌሊት የመጣች እናት ፊት ባዶ ሲሊንደር ይዤ የቆምኩበትን ሰዓት አልረሳውም። ልጅቷ ከሌላ ቡድን በተዋስነው ኦክስጅን ተረፈች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዕቃ ስቆጥር የምጀምረው ከትንፋሽ ነው።

ይህ የእኔ ቡድን አጋጣሚ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 በተነሣው እሳት 173 ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙ የቃጠሎ ሕሙማን ይመጣሉ ብለው የተዘጋጁት ሆስፒታሎች የተቀበሏቸው በጽኑ የተቃጠሉ ሰዎች ከሟቾቹ ቁጥር እጅግ ያነሱ ነበሩ፤ እሳቱ የደረሰባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወይ አምልጠዋል፣ ወይ እዚያው ሞተዋል። በዚያችው አገር እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 በዘለቀው የእሳት ወቅት ደግሞ በእሳቱ በቀጥታ የሞቱት 33 ሲሆኑ፣ በምሥራቃዊው የአገሪቱ ክፍል ከጭሱ ጋር የተያያዘው ተጨማሪ ሞት 417 ያህል እንደሚሆን ተመራማሪዎች ገምተዋል። ጭሱ ነበልባሉ ከሚደርስበት በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቡድንዎ ከእሳቱ ሩቅ ቢሆንም ሥራ እንደማይጎድለው ይቁጠሩ።

በጭሱ ውስጥ ከሁሉም የሚከፉት ዲያሜትራቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ደቃቅ ብናኞች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የእነዚህ ብናኞች የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በእሳት ወቅት ግን መጠኑ በመቶዎች ሲቆጠር ማየት የተለመደ ነው። ብናኞቹ ሳንባን ብቻ አይጎዱም፤ የልብ ድካም ያለባቸውን ያባብሳሉ፣ የልብ ድንገተኛ ሕመምንና ስትሮክንም ይቀሰቅሳሉ። በመሆኑም በጭስ ቀን «ደረቴን ጨነቀኝ» የሚሉ አዛውንት ሁሉ ጭስ ነው ተብለው ፓፍ ተሰጥቷቸው እንዳይሸኙ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት የኤሌክትሪክ ምርመራ) እንዲነሡ ለቡድንዎ አጥብቀው ይንገሩ። ለአስም ሕሙማን ፓፉን በስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል በሚገባ ባዶ ቱቦ) መስጠት ይሻላል፤ ስፔሰር ሲያልቅ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታቹን ለፓፉ አፍ በልኩ በስቶ መጠቀም በሚገባ ይሠራል። ጭንብልን በተመለከተ የጨርቁም ሆነ ተራው የቀዶ ሕክምና ጭንብል ለእነዚህ ብናኞች በቂ መከላከያ ስላልሆነ፣ ኤን 95 ወይም ተመሳሳዩን ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ጭንብል ያከማቹ።

ካርቦን ሞኖክሳይድን ለብቻው አነሣዋለሁ፤ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች እንኳ ሲያታልል አይቻለሁና። በጣት ላይ የሚደረገው ተራው የኦክስጅን መለኪያ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር የተጣበቀውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ለይቶ ስለማያውቅ፣ ሰውየው እየተመረዘ ሳለ 98 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። አንድ ጊዜ መብራት በተቋረጠበት አካባቢ አራት የአንድ ቤት ሰዎች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ይዟቸው ወደ ጣቢያችን መጡ። የሁሉም መለኪያ ጥሩ ስለነበር ድካምና የውሃ ጥም ነው ብዬ ላሰናብታቸው ስል፣ አንድ ባልደረባዬ «አራቱም በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ሕመም እንዴት ያዛቸው?» ብሎ ጠየቀ። ጀነሬተሩን ያስነሡት ከመኝታ ክፍሉ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ ነበር። በንጹሕ አየር ብቻ ቢተው ጋዙ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚወስድበት ሲሆን፣ መቶ በመቶ ኦክስጅን በጭንብል ሲሰጥ ግን ይህ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ታሪኩን ይመኑ፤ ከጭስ ወይም ከጀነሬተር አጠገብ ቆይቶ ራሱን ያመመው ሰው መለኪያው ምንም ይበል ምን ኦክስጅን ይሰጠው። በተዘጋ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ጭስ የዋጠ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ አክታው ጥቀርሻ የቀላቀለ ወይም የአፍንጫ ፀጉሩ የተለበለበ ሰው ደግሞ ለጊዜው ደኅና ቢመስልም ጉሮሮው በሰዓታት ውስጥ ሊያብጥና ሊዘጋ ስለሚችል፣ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ወደሚችል ተቋም ሳይውል ሳያድር መላክ አለበት።

የቃጠሎውን ሕክምና ባጭሩ ልለፈው፤ መመሪያዎቹ በእጅዎ እንደሚገኙ እገምታለሁ። ቃጠሎው በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ፣ በረዶም ሆነ የጥርስ ሳሙና አለማስነካት፣ ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ ማውለቅ፣ ከዚያም ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ፕላስቲክ ሳያጠብቁ መሸፈን ነው። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ሰውየው እንዳይበርደው የቀረውን አካሉን ያልብሱት። የታካሚው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱን 1 በመቶ ያህል ስለሚሸፍን፣ በዚያ ለክተው በአዋቂ ከ20 በመቶ፣ በልጅ ከ10 በመቶ በላይ ካገኙ በደም ሥር ፈሳሽ ይጀምሩ። ለምሳሌ 70 ኪሎ የሚመዝንና 30 በመቶ የተቃጠለ አዋቂ ለእያንዳንዱ ኪሎና በመቶኛ 2 ሚሊ ሊትር ሲሰላለት በ24 ሰዓት 4,200 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፤ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ይሰጣል። ስምንቱ ሰዓት የሚቆጠረው ግን ሰውየው ከተቃጠለበት ጊዜ ነው እንጂ እኛ ጋ ከደረሰበት አይደለም፤ ይህን ብዙዎች ይስቱታል።

እሳት የሚያጠፉት ሠራተኞች የእርስዎ ታካሚዎች እንደሚሆኑም አይርሱ። እነርሱን ከቃጠሎ ይልቅ የሚጥላቸው ሙቀት፣ የውሃ ጥም፣ የሚወድቅ ዛፍና የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት ነው። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ንግግሩ የተምታታበት ሠራተኛ ሲገኝ፣ በቃሬዛ ጭኖ ከመሮጥ በፊት እዚያው በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ማብረድ ነፍሱን ያድናል፤ ለዚህ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳና በቂ ውሃ መኪናው ላይ ቦታ ይኑረው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምጨነቅበት ጉዳይ ልመለስ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 በካሊፎርኒያ የፓራዳይዝን ከተማ ባጠፋው እሳት 85 ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያን ነበሩ። እንዲህ ያሉትን ሰዎች እሳቱ ሲደርስ መፈለግ አይቻልም፤ አስቀድመው መታወቅ አለባቸው። ከጤና ጣቢያዎችና ከማኅበረሰቡ መሪዎች ጋር ሆነው፣ ሰዎቹንም አስፈቅደው፣ በኦክስጅን መሣሪያ የሚኖሩትን፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ኩላሊታቸውን የሚያሳጥቡትን፣ ኢንሱሊን የሚወስዱትን፣ ከአልጋ የማይነሡትንና ብቻቸውን የሚኖሩትን ይመዝግቡ። በእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ማን በምን መኪና እንደሚያወጣው ይጻፍ፤ ይህ ዓምድ ባዶ ከሆነ መዝገቡ የስም ዝርዝር ከመሆን አያልፍም። ለኩላሊት ሕሙማን ከሌላ የእጥበት ማዕከል ጋር አስቀድመው ካልተነጋገሩ፣ ሁለት ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ደሙ ውስጥ በሚከማቸው ፖታሲየም ምክንያት ልቡ ሊቆም ይችላል። ሌሎቹም ቢያንስ የአንድ ሳምንት መድኃኒትና የማዘዣ ወረቀታቸውን ቅጂ በአንድ ቦርሳ አዘጋጅተው በር አጠገብ እንዲያስቀምጡ ይምከሯቸው። በመጠለያ ጣቢያ የሚቀመጠው ነርስም «ምን ያምዎታል?» ከማለቱ አስቀድሞ «የትኛውን መድኃኒት ትተው መጡ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የደም ግፊት፣ የሚጥልና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይታያል። የእጅ መታጠቢያና መጸዳጃም የእርስዎ ጉዳይ ነው፤ ከፓራዳይዝ የተፈናቀሉት ሰዎች በተጠለሉባቸው ጣቢያዎች ኖሮቫይረስ ተዛምቶ ብዙዎችን በተቅማጥና በትውከት አሠቃይቷል።

ፓራዳይዝ በተቃጠለችበት በዚያው ቀን የከተማዋ ሆስፒታል ሕሙማኑን ሲያሸሽ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበርና፣ አንዱ አምቡላንስ መንገድ ላይ በእሳት ተያያዘ። ሠራተኞቹ ሕሙማኑን በአቅራቢያው ወደነበረ ቤት አስገብተው፣ በዙሪያው የነበረውን ደረቅ ቅጠል እየጠረጉና ጣሪያውን በውሃ እያራሱ አዳኗቸው። በፖርቹጋል ፔድሮጋው ግራንዴ እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ከሞቱት 66 ሰዎች ደግሞ ከግማሽ የሚበልጡት በአንድ መንገድ ላይ ሲሸሹ የተቀደሙ ናቸው። እነዚህን ሁለት ታሪኮች ለሾፌሮችዎ ይንገሯቸው። መኪናው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም፤ ነዳጁ ከግማሽ በታች አይውረድ፤ ከአንድ በላይ የማምለጫ መንገድ ይታወቅ፤ ነፋሱንና እሳቱን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ። የስልክና የሬድዮ ማማዎች ሊቃጠሉ ስለሚችሉ መገናኛ ሲጠፋ ቡድኑ የሚገናኝበት ቦታና ሰዓት አስቀድሞ ይወሰን። ሄሊኮፕተር ይመጣል ብለውም ዕቅድ አይሥሩ፤ ከባድ ጭስ ባለበት መብረር አይችልም።

የጤና ተቋም ማሸሽ ካጋጠመዎ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ያለዎት ጊዜ ነው። ሰዓታት ካሉ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉትና ጽኑ ሕሙማኑ አስቀድመው ይውጡ፤ እነርሱን ማዘጋጀት ረጅም ጊዜና አምቡላንስ ይጠይቃልና። የቀረው ደቂቃ ብቻ ከሆነ ግን መራመድ የሚችሉት በአውቶቡስ አስቀድመው ይወጣሉ፤ ከባድ ውሳኔ ነው፣ ነገር ግን ብዙ ሕይወት የሚተርፈው እንደዚያ ነው። ይህን ለመወሰን ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ከወዲሁ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ በጭስ ውስጥ ሆኖ መከራከር ያቺኑ ደቂቃ ያስበላል። በትሪያጅ (ሕሙማንን እንደ ሕመማቸው ክብደት በቀለም በመለየት) ጊዜም ጭስ የዋጠ ሰው ከአረንጓዴ (ቀላል) ወደ ቀይ (አስቸኳይ) ሊዘዋወር ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ የተለጠፈበትን ቀለም ይዞ ለሰዓታት እንዳይቀመጥ በየጊዜው ይመርመር።

በመጨረሻም የራስዎን ባልደረቦች ይመልከቱ። ባለፈው የሠራሁበት ወቅት ከስድስት ባልደረቦቼ የሦስቱ ቤት ራሳቸው በሚያሸሹት ሰፈር ውስጥ ነበር። አንደኛዋ እናቷ ይውጡ አይውጡ ሳታውቅ ዐሥራ አራት ሰዓት ሠርታለች፤ በዚያ ሌሊት የመድኃኒት መጠን ሁለት ጊዜ ሳተች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ደርሶ አስተካከለው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አስተባባሪው እኔ ሆኜ ሳለ ቤተሰቧ የት እንደሚኖር ጠይቄያት አላውቅም ነበርና። አሁን ወቅቱ ሳይገባ የእያንዳንዱን ባልደረባ ቤተሰብ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ከሕሙማኑ መዝገብ ጋር አብሬ እጽፋለሁ፤ ፈረቃም ከዐሥራ ሁለት ሰዓት እንዳያልፍ አደርጋለሁ። ያለዎትን የመኪና ብዛትና የኦክስጅን ሲሊንደር ቁጥር ከጻፉልን፣ ለስንት ታካሚ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ አብረን እናሰላዋለን።