«ግብር ነው» ያላችሁት ደረሰኝ

ጥያቄ፦ አባታችን ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የክልል ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር ወንዙ ዳር ባለ ቤት ኖረው ባለፈው ዓመት አረፉ። አራት ልጆች ነን፤ ያደግነውም እዚያው ነው። ከቤቱ ጎን ሦስት ክፍል ጨምረን ሠርተናል። አሁን ዩኒቨርሲቲው ከከተማው ጋር ወንዝ ዳሩን ሊያለማ ነው ተብሎ ኮሚቴ መጥቶ ለካ፣ በራችን ላይ ቀይ ምልክት ቀባ። ሰዎች ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ ግብር ስለከፈላችሁ ቤቱም ቦታውም የእናንተ ሆኗል ብለውናል። ካሣና ምትክ ቦታ እናገኛለን? የሦስት ደረሰኞች ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ፣ ፎቶዎቹን ግን ደጋግሜ አየሁ። ስለ አባትዎ ብዙ ጽፈዋል፤ ሥራቸው ምን እንደነበር ግን አንድም ቦታ የለም።

ጠርዙ የተበላው የ1978ቱ ደረሰኝ ማኅተሙ የማዘጋጃ ቤት አይደለም። አጉልቼ ሳየው «ኮሌጅ» የሚለው ይነበባል። «የክፍያው ምክንያት» ከሚለው መስመር ላይ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የቤት ኪራይ» ተብሎ ተጽፏል። ያ ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው መሆኑን መገመት አያስቸግርም። አባትዎ የኮሌጁ ሠራተኛ ነበሩ? ጥበቃ ወይስ አትክልተኛ? ቤቱ የተሰጣቸው በሥራቸው ምክንያት ነው? ረስተውት ነው ብዬ አላምንም፤ ነገሩን ያበላሽብናል ብለው የተዉት ይመስለኛል። እኔ ባላውቀው ግን ዩኒቨርሲቲው ያውቀዋል። የአባትዎ የቅጥር ማኅደር እጁ ላይ ነው።

አሁን ወደ 15 ዓመቱ ልምጣ፤ ቢሮዬ ከሚመጡት የይዞታ ጉዳዮች ስንቱ እዚህ ላይ እንደሚሰናከል ብነግርዎ አያምኑኝም። አባባሉ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168፣ አንድን የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ከባለቤትነት ጋር የተያያዘውን ግብር 15 ዓመት በተከታታይ የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። ሰው ቁጥሯን ይሸመድድና የቀረውን ሳያነብ ይተወዋል። አንቀጹ የሚናገረው ለራሱ ብሎ ስለያዘ ሰው ነው። ተከራይ ግን የሚይዘው ለአከራዩ ነው፤ ኪራይ በከፈለ ቁጥር ቤቱ የሌላ ነው ብሎ እንደፈረመ ይቆጠራል። 40 ዓመት ከከፈለም 40 ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲያረጋግጥ ኖሯል። ይኸው ሕግ ደግሞ በቁጥር 1455 በሕዝብ አገልግሎት ላይ ያለ የመንግሥት ንብረት በይርጋ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ በመያዝ ብቻ፣ እንደማይገኝ ይደነግጋል፤ የዩኒቨርሲቲው ነገረ ፈጅ መጀመሪያ የሚመዝዘው እሱን ነው። መሬቱማ ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ አዋጅ ወዲህ የግል ሆኖ አያውቅም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 አጽንቶታል። ስለዚህ 1168 ቢሠራልዎ እንኳን ለቤቱ እንጂ ለቦታው አይደለም።

አንድ ደንበኛዬ 22 ደረሰኞች በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እኔን ሳያማክር ለፍርድ ቤት አስገብቶ ነበር። ተከራካሪው ጠበቃ ምንም አልተከራከረም። አንዱ ደረሰኝ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ብቻ ጠየቀ። «የቤት ኪራይ» ተብሎ ተነበበ፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። ደረሰኙን ደብቁት እያልኩ አይደለም፤ ማስረጃ መደበቅን አልመክርም። ምን እንደሚል ሳታውቁ ግን «ግብር ከፋዮች ነን» ብላችሁ ለኮሚቴው ቃል አትስጡ፤ ቃለ ጉባኤም ላይ አትፈርሙ። ከፈረማችሁም ቅጂውን ይዛችሁ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።

ተስፋ የማየው በሁለቱ አዳዲስ ደረሰኞች ነው። የ2001 እና የ2009 ዓ.ም. ደረሰኞች የማዘጋጃ ቤቱ ናቸው፤ «የቦታ ኪራይና የቤት ግብር» ይላሉ፤ የቦታ ኪራይ ለመንግሥት መሬት የሚከፈል እንጂ የቤት ኪራይ አይደለም። አንዱ በአባትዎ ስም፣ ሌላው በወንድምዎ ስም ነው። ይህንንም አልነገሩኝም። ማዘጋጃ ቤቱ ያስከፈለው ለየትኛው ቤት ነው? ለአባትዎ ቤት ወይስ ለተጨመሩት ሦስት ክፍሎች? የግንባታ ፈቃድ ነበራቸው?

ሌላው የአጥሩ ነገር ነው። አጥር ካርታ አይደለም። አንዳንድ ግቢዎቻችን ከዩኒቨርሲቲነታቸው በፊት ሌላ ነገር ነበሩ፤ የስድስት ኪሎው ቤተ መንግሥት ነበር። እንዲህ ባለ ግቢ የድሮው ወሰን፣ አጥሩና የይዞታ ካርታው ሦስት የተለያየ መስመር ላይ ቢገኙ አይገርመኝም። እናንተ ያላችሁበት በአጥሩና በወንዙ መካከል ያለው ቁራጭ መሬት በዩኒቨርሲቲው ካርታ ውስጥ ከሌለ፣ ዩኒቨርሲቲው የእኔ ነው ብሎ ሊያስለቅቃችሁ አይችልም፤ ተነጋጋሪያችሁ ከተማው ይሆናል። ያ ማለት ግን ቦታው የእናንተ ነው ማለት አይደለም። ሰነድ አልባ ይዞታ የራሱ የማጣሪያ ሥርዓት አለው፤ የወንዝ ዳርቻም በፕላን ለአረንጓዴ ቦታ ተከልሎ ሊሆን ይችላል። በፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበታል። መዋቅራዊ ፕላኑንና የአካባቢ ልማት ፕላኑን በጽሑፍ ጠይቁ። የድሮ የአየር ፎቶግራፍም ፈልጉ፤ ቤቱ መቼ እንደነበረ፣ ክፍሎቹ መቼ እንደተጨመሩ ከምስክር ይልቅ እሱ ይናገራል።

የቀረው የተለመደው ነው። ሕጋዊ ባለይዞታ ከሆናችሁ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይመለከታችኋል፤ ለንብረቱ ካሣ፣ ምትክ፣ በመልሶ ማልማት አካባቢም በፕላኑ መሠረት የማልማት ቅድሚያ ይሰጣል። በር ላይ የተቀባ ቀለም ማስታወቂያ አይደለም። የጽሑፍ ትእዛዝ ከደረሳችሁ ግን አቤቱታ የሚቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ነው። አዋጁ ማሻሻያ ስለወጣለት ቀኑንና ሥርዓቱን ጠበቃችሁ ያመሳክር። ሽማግሌ ስትልኩ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። ቤቱ የዩኒቨርሲቲው ከሆነ ደግሞ ክርክራችሁ ስለ ሦስቱ ክፍሎች ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ክፍሎቹ ሲሠሩ የተጻፈ ፈቃድ መኖር አለመኖሩ ወሳኝ ነው።

የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ፤ ያለዚያ አራታችሁም ለካሣው ወገን አይደላችሁም። ውጭ አገር ያለ ወራሽ ካለ ውክልናው ኤምባሲ ተረጋግጦ ይምጣ። የአባትዎን የቅጥር ደብዳቤ፣ የሁሉንም ደረሰኝ ዋና ቅጂና ለክፍሎቹ ግንባታ የተጻፈ ማንኛውንም ወረቀት ይዛችሁ፣ በዚህ ሳምንት በከተማችሁ የይዞታ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ አነጋግሩ። እኔ ከሦስት ፎቶ በላይ አላየሁምና ይህን ጽሑፍ እንደ ውሳኔ አትያዙት። የ1978ቱንም ደረሰኝ ላሚኔት አታስደርጉት፤ ወንድምዎ ዘንድ ከሆነ ዛሬውኑ ይቀበሉት።