በብራስ ዳዶ ዙሪያ ለሚሰነጠቅ ናይለን፦ ፕሬሸሩን ተወው፣ ዳዶውን ተመልከት

ወንድሜ፣ ጥያቄህንና ፎቶህን አይቻለሁ። 30 በመቶ ፋይበርግላስ ባለው ናይለን 66 ውስጥ ኤም 6 የብራስ ዳዶ (የ6 ሚሊ ቡሎን የሚገባበት) ሞልድ ላይ፣ ማለትም የእቃው ቅርጽ ማውጫ ላይ፣ አስገብተህ ትቀርጻለህ። እቃው ሲወጣ ደህና ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው በዳዶው ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ ያልተሰነጠቀውም ቡሎን ሲጠብቅበት ዳዶው አብሮ ይዞራል። ፕላስቲኩን ወደ ሞልዱ የሚገፋውን ፕሬሸር ጨመርክ፣ ማቴሪያል ቀየርክ፣ ለውጥ የለም። አይኖርምም። ብዙ ሰው ማሽኑን ሲነካካ ይከርማል እንጂ ብረቱን ዞር ብሎ አያይም።

1. ዳዶውን እጠበው። ከቶርኖ የወጣ ዳዶ ሁሉ ቅባት አለበት። 285 ዲግሪ ላይ የቀለጠው ናይለን ሲነካው ቅባቱ ጋዝ ይሆንና በዳዶው የውጭ ጥርሶች መሃል ይታፈናል፤ ፕላስቲኩ ብረቱን ሳይጨብጥ ይደርቃል። በጨርቅ መጥረግ ዋጋ የለውም፣ ቅባቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። በሙቅ ውሃና በቅባት ማስለቀቂያ ሳሙና እጠብ፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቅ፣ ወዲያው በሙቅ አየር አድርቅ። ከዚያ ጠፍጣፋ ፊቱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርግ። ውሃው ስስ ሆኖ ከተዘረጋ ጸድቷል፤ እንደ ዶቃ ከተድቦለቦለ ገና ቅባት አለ፣ መልሰህ እጠብ። ከታጠበ በኋላ ያለ ጓንት አይነካ።

2. ርዝመቱን ለካ። በኪሎ የሚሸጠው ዳዶ አንዱ ከሌላው አይገጥምም፣ ሻጩም ሲጠየቅ ይቆጣል። በመጣ ቁጥር 30 ያህል አንስተህ በማይክሮሜትር ለካ፤ ልዩነቱ ከ0.05 ሚሊ ካለፈ መልስ። አጭር ከሆነ ፕላስቲኩ በክፍተቱ ገብቶ የውስጥ ጥርሱን ይሞላል፣ ረጅም ከሆነ ሞልዱ ሲዘጋ ፒኑን፣ ዳዶው የሚሰካበትን ዘንግ፣ ይደቁሰዋል።

3. አሙቀው። ዋናው ጥፋት እዚህ ላይ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ። ቀዝቃዛ ብራስ ሙቀት ይመጥጣል። የቀለጠው ናይለን ገና ሲነካው ቆዳው ይረጋል፣ ጥርሶቹ ውስጥ ሳይገባ ላያቸው ላይ ይቀራል። ከላዩ የሚመጣው ፕላስቲክ ደግሞ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይኮማተራል፤ ብራሱ ግን ቀድሞውንም ቀዝቃዛ ስለነበር አብሮ አይኮማተርም። ስለዚህ ፕላስቲኩ ዳዶውን እንደ ጠባብ ቀለበት አንቆ፣ እየተወጠረ ይቆያል። የሳምንቱ ስንጥቅ ይኼው ውጥረት ነው። ፕሬሸር መጨመርህ የረጋውን ቆዳ አያለሰልሰውም።

ዳዶውን ኦቨን ውስጥ ከ100 እስከ 130 ዲግሪ አሙቀው። ግን አንድ ነገር ልብ በል፦ ትንሽ ዳዶ ሙቀቱን በሰከንዶች ውስጥ ለፒኑና ለሞልዱ ያስረክባል። ሞልድህ በቧንቧ ውሃ 30 ዲግሪ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ኦቨኑ ድካም ብቻ ነው። ሳይክሉን፣ የአንድ ዙር ቅርጻን ጊዜ፣ ለማሳጠር ብሎ የናይለን ሞልድ በቀዝቃዛ ውሃ ማስኬድ የተለመደ ነው፣ የሚተርፈው ግን የተሰነጠቀ እቃ ነው። የሞልዱ ሙቀት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይሁን፣ በቴርሞሜትር የካቪቲውን (እቃው የሚቀረጽበትን ጉድጓድ) ፊት ለካ እንጂ የማሞቂያውን ስክሪን አትመን።

ኦፕሬተሩ ዳዶ የሚያስገባበት ጊዜም እኩል መሆን አለበት። አንዴ 15፣ አንዴ 40 ሰከንድ ከፈጀበት የዳዶው ሙቀት ይለያያል፣ ባሬል (ፕላስቲኩ የሚቀልጥበት የማሽኑ ቱቦ) ውስጥ የቆመው ናይለንም ይጎዳል። ከኦቨን የሚወጣው በትሪ ትንሽ ትንሹን ይሁን፣ ሰዓት ቆጣሪ አድርግለት፤ ጊዜው ባለፈበት ዙር የተቀረጸው እቃ ተለይቶ ይቀመጥ። የሚቻልህ ከሆነ ሞልዱን ከላይ ወደ ታች የሚዘጋ ቋሚ ማሽን ይሻላል፣ ወደ ጎን በሚዘጋው አግዳሚ ማሽን ላይ ዳዶ ከፒኑ ይወድቅና ሞልድ ይሰብራል።

ናይለኑን ማድረቅህን አልጻፍክም። ውሃ የያዘ ናይለን ሲቀልጥ የሞለኪውሉ ሰንሰለት ይቆራረጣል፤ ላዩ ባይበላሽ እንኳ ጥንካሬው ይወርዳል። እርጥበቱ ከ0.2 በመቶ በታች እንዲሆን 80 ዲግሪ ላይ 4 ሰዓት ያህል ይድረቅ። በክረምት ተራ የሙቅ አየር ድራየር የሚስበው እርጥብ አየር ስለሆነ አይበቃም፣ አየሩን ራሱ የሚያደርቅ ድራየር ያስፈልጋል። እቃው ላይ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ መስመር ካየህ ወይም ፕላስቲኩ ከኖዝል፣ ከማሽኑ አፍ፣ ከተንጠባጠበ ገና እርጥብ ነው። የተፈጨ ትርፍራፊም አታብዛበት፣ በፈጩት ቁጥር የፋይበሩ ርዝመት ያጥራል።

ዲዛይኑንም እየው። የዳዶህ ውጫዊ ስፋት 8 ሚሊ ከሆነ በዙሪያው ቢያንስ 4 ሚሊ ፕላስቲክ ይኑር፣ ማለትም 16 ሚሊ። ያንተ ፎቶ ላይ 2 ሚሊ የሚሆን ይመስላል፤ ይህ ብቻውን ያሰነጥቃል። የዳዶው ሹል ጠርዞች ይክበቡ፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ጥግ ነው። ፕላስቲኩ ዳዶውን ለሁለት ተከፍሎ አልፎ ከጀርባው ይገናኛል፤ እዚያ መገናኛ ላይ ፋይበሩ አይሻገርም፣ ስለዚህ ደካማው መስመር እሱ ነው። ጌቱ (ፕላስቲኩ ወደ እቃው የሚገባበት ቀዳዳ) ካለበት ተቃራኒ ተመልከት፣ ስንጥቅህ ሁሌም እዚያ ከሆነ ጌቱ ቦታ ይቀየር፣ ያም ካልሆነ መገናኛው ላይ 0.02 ሚሊ የአየር መውጫ ይሰራለት። ወደ ፖሊፕሮፒሊን ለመቀየር ካሰብክ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ በብራስ ውስጥ ያለው መዳብ እሱን ቀስ እያለ ያፈርሰዋል።

ሁሉንም ባንዴ አትቀይር። መጀመሪያ እጥበት፣ ቀጥሎ የሞልድ ሙቀት፣ ቀጥሎ ዳዶ ማሞቅ። ከእያንዳንዱ ሙከራ አምስት እቃ በብረት መጋዝ በዳዶው መሃል ሰንጥቅ፣ በጥሩ አሸዋ ወረቀት አለስልስና በስልክህ ካሜራ አቅርበህ አንሳ። ናይለኑ እያንዳንዱን ጥርስ እስከ ጥጉ ሞልቶት ከታየ ይዟል፤ እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ብራሱን ከዞረው ዳዶው ገና ቀዝቃዛ ነው። የቀሩትን ለሁለት ሳምንት አስቀምጥ፣ ከዚያ በቶርክ መፍቻ እስኪዞር ወይም እስኪሰበር አጥብቃቸውና መፍቻው ያሳየውን የቶርክ ቁጥር ጻፍ። ቁጥሩን እዚሁ ብትለጥፈው አብረን እናየዋለን።