«ማህፀኔ ሳይወጣ መታከም እችላለሁ ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጊዜ ትዝ አለኝ። ገና አልወለድኩም፣ የማህፀን በር ካንሰር ገና ሲጀምር ተገኘብኝ፣ ማህፀንሽ ይውጣ ተባልኩ፣ ሌላ መንገድ የለም ወይ ብለሻል። ለአንዳንዶቻችን አለ። ለሁሉም ግን አይደለም።

እኔንም የመጀመሪያው ሐኪም ይውጣ ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶኝ ነበር። ሌላ ሰው ላማክር ብዬ የማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት ጋ ሄድኩ። ሴትዮዋ ወረቀት ገልብጣ የተደፋ ጠርሙስ ሣለችልኝ። አንገቱ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገች። «ካንሰሩ እዚህ ነው። አንገቱን እናወጣለን፣ ሆዱ ይቀርልሻል» አለችኝ። ያቺን ወረቀት እስካሁን አልጣልኳትም።

ትራኬሌክቶሚ ይሉታል። ማህፀን በሩን፣ በዙሪያው ያለውን ሥጋና የብልትን የላይኛው ጫፍ ትንሽ ቆርጠው፣ የቀረውን ማህፀን መልሰው ይሰፉታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ለሙያው ዓለም ያስተዋወቀው ዳንኤል ዳርዣን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ ስለዚህ ሙከራ ላይ ያለ ነገር ነው ብለሽ አትስጊ።

ወሳኙ ሚሊሜትር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ዕጢ ይፈልጋሉ። የእኔ በኤምአርአይ 14 ሚሊሜትር ነበር። በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ፣ ጥልቀቱ ከ3 ሚሊሜትር የማይበልጥና ወደ ደም ሥር ያልገባ ከሆነ፣ በኮን ቅርጽ ቆርጦ ማውጣት ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ ከሆነ ማለት ነው። የካንሰሩ ዓይነትም አለ። ትንንሽ ሴል የሚባለው ዓይነት ከሆነ ይሄ መንገድ አይመከርም።

ከመፈረሜ በፊት በደንብ ያስረዱኝ አንድ ነገር ነበር። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በዳሌ ውስጥ ያሉት ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) ይመረመራሉ፤ ካንሰር ከተገኘባቸው ዕቅዱ ይቀየራል፣ ወደ ጨረርና ኬሞ ሊኬድ ይችላል። «ስነቃ ምን እንደቀረኝ አላውቅም» ብዬ ፈርሜ ገባሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማንም አልነገረኝም። የሽንት ቱቦ ከ10 ቀን በላይ ይዤ ከረምኩ። ሲወጣልኝም ሽንቴ እንቢ አለኝ፤ ቧንቧ ከፍቼ የውኃውን ድምፅ እየሰማሁ ስጠብቅ አስቢኝ! ወራት አልፈው ደግሞ የወር አበባዬ ሲመጣ ቁርጠቱ ገደለኝ። ለካ የቀረው ቀዳዳ ጠብቦ ደሙ መውጫ አጥቷል። ማስፋት ነበረባቸው። እንዲህ የሚያደርግሽ ከሆነ «የወር አበባ ነው፣ ያልፋል» ብለሽ አትቀመጪ።

ስለ እርግዝናውም ሳልደብቅሽ። ጠብቂ የተባልኩትን ጠብቄ አረገዝኩ። የመጀመሪያው በ5ኛው ወር ወረደ። ሁለተኛው ላይ በየሁለት ሳምንቱ እየታየሁ በ34ኛው ሳምንት በኦፕራሲዮን ወለድኩ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ማህፀኑ እንዳይከፈት ከታች የታሰረው ክር ቋሚ ስለሆነ በምጥ መውለድ አይታሰብም። ልጄ የተወሰኑ ቀናት ማሞቂያ ውስጥ ቆየች፣ አሁን ደህና ናት። ክትትሉን ግን አላቆምኩም፤ መጀመሪያ በየጥቂት ወሩ ነበር፣ አሁን ረዘም ብሏል።

አሁን የፓቶሎጂ ወረቀትሽን አውጪና መጠኑን፣ ጥልቀቱን፣ ደም ሥር ውስጥ መግባት አለመግባቱን፣ የሴሉን ዓይነት ተመልከቺ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካልተጻፈ ይሙሉልኝ በይ። ከዚያ ይዘሽው የማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት ጋ ሂጂ። የማውጫው ቀን ተቆርጦልሽ ከሆነም ከዚያ በፊት ሂጂ።