መጠባበቂያ ሽጉጥ ልያዝ ወይ ላልከው
ወንድሜ፣ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ይዘህ «ቢከሽፍብኝ ሁለተኛ ልጨምር ወይ?» ብለሃል። አትጨምር። ሽጉጥ የሚከሽፈው በአብዛኛው ካዝናው (ጥይት የሚሞላበት ማቀፊያ) ሲጎዳ፣ ጥይቱ ሲያረጅ ወይም መሣሪያው ሲቆሽሽ ነው። እዚህ ጣና ዳር ደግሞ ክረምቱን ሙሉ የቆዳ አፎት እርጥበት ይይዛል፤ ብረቱ ውስጥ ውስጡን ይዝጋል። ማታ ካዝናውን ንቀል፣ በርሜሉ ውስጥ የቀረ ጥይት አለመኖሩን በዓይንህ አረጋግጥ፣ ወልውለህ በስሱ ዘይት ቀባው። ለሁለተኛው ያሰብከውን ገንዘብ ለደኅና የጥይት ካዝና አውለው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው፤ የአንዱ ፈቃድ ሌላውን አይሸፍንም። ከአባይ ማዶ በተጨናነቀ ታክሲ ስትመጣስ የወገብህን ሽጉጥ ትጠብቃለህ ወይስ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ያሰርከውን? ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ትናንሽ ልጆች አሉኝ ማለትህ ነው። አንዱን ቆልፈህ ሌላውን ትራስ ሥር የረሳህ ዕለት ማን ቀድሞ ያገኘዋል?