መልስ፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትገፋም
ወንድሜ፣ ሆዷ የቪ ቅርጽ ያለው የጄት ጀልባህ ስትታጠፍ ሞተሩ በድንገት ይጮኻል፣ ግፊቱም ይጠፋል ብለሃል። ሞተሩን ለመፍታት አትቸኩል፤ ውኃ ስቦ ወደ ኋላ በመርጨት ጀልባዋን የሚገፋው ፓምፕ አየር እየሳበ ይመስለኛል። የጄቱ መሳቢያ አፍ ከጀልባዋ ሆድ ጋር ተስተካክሎ የተገጠመ ነው። ስለዚህ ቪዋ ጥልቅ የሆነ ጀልባ በጎኗ ስትጋደም ወይም ከማዕበል ላይ ስትዘል አየር ይገባበታል። ይህን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም።

በረጋ ውኃ ላይ ቀጥ ብለህ ስትነዳም ከተከሰተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሆዷ በታች በቁመት የተዘረጉትን ሸንተረሮች ተመልከት፤ ወደ መሳቢያው የሚያመሩት ከፊቱ ካልተቋረጡ አረፋውን እየመሩ ቀጥታ ወደ ፓምፑ ያስገቡታል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ኢምፔለሩን፣ ማለትም ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውኃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ክፍል፣ ይቀይራል። ሞተሩን አጥፍተህ፣ ቁልፉንም ነቅለህ፣ መሳቢያው ላይ የተጠመጠመ አረም ወይም ገመድ ፈልግ። በኢምፔለሩ ጫፍና በዙሪያው ባለው ቀለበት መካከል ያለውን ክፍተትም ለካ፤ አሸዋ ከበላውና ከሰፋ ውኃው በክፍተቱ ወደ ኋላ ያመልጣል።

እስክታስተካክለው ድረስ፣ መታጠፊያ ላይ ግፊቱ ሲጠፋ ነዳጁን ጥቂት ቀንስና ፓምፑ ውኃ ሲይዝ መልሰህ ጨምር። ጨርሰህ ግን አትልቀቀው፤ የጄት ጀልባ የምትታዘዘው በሚወጣው ውኃ ግፊት ስለሆነ፣ ግፊት ከሌለ መሪም የለም።