መልስ፦ አባቴን ስትሮክ ከመታቸው አራት ወር አለፈ፤ እጃቸው ይመለሳል?

አልረፈደም። «አራት ወር ካለፈ በኋላ ለውጥ የለም» ያለሽ ሰው ተሳስቷል። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ከዚያ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። የሞተው የአንጎል ሕዋስ አይመለስም። የተረፈው ክፍል ግን ሥራውን ሊረከብ ይችላል፤ የሚለምደውም በድግግሞሽ ነው። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብሎ ቃል የሚገባልሽ ካለ ግን አትመኚው።

ጣታቸው ትንሽም ቢሆን የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሥራ ስጪው። ሽምብራ ሳህን ላይ በትኚና አንድ በአንድ እየለቀሙ ሲኒ ውስጥ ይጨምሩ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፉ፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም። (እናትሽ አዝነው ቀድመው እንዳይቆልፉላቸው! ከባዱ እሱ ነው።) ሲደክማቸው ያርፉ፣ ደግሞ ይቀጥሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳያቸውንም በየቀኑ ይሥሩ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ የደከመውን እጅ ይዛችሁ አትጎትቷቸው። አጎቴን እዚሁ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ልናናፍሳቸው ወስደናቸው፣ ባለባጃጁ ሊረዳ ብሎ በዚያው እጃቸው ስቦ አወረዳቸው። ትከሻቸው ታመመና ልምምዱን ለሳምንታት አቋረጡ። ከወገባቸው ደግፋችሁ አንሷቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ካላቸውም «ተሽሎኛል» ብለው እንዳይተዉት ተከታተዪ።