«አትም»፣ «ያትሙ» ወይስ «ማተም»? የፕሪንት መስኮት አማርኛ

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የአንድ ዴስክቶፕ ፕሮግራም የፕሪንት መስኮት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዋናው ቁልፍ ላይ «አትም» ይባል፣ «ያትሙ» ይባል ወይስ «ማተም»? ያማከርኳቸው ሰዎች ሦስት ቦታ ተከፍለዋል፣ አንዱማ ምን ያደክማል በቃ «ፕሪንት» ይባል ብሎ ገላገለኝ። ሌላው ደግሞ ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ «1 ገጾች ታትሟል» እያለ ያስቀኛል፣ እሱንስ እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ መጀመሪያ፣ ጥያቄው ላይ ስም የለም፣ አማርኛ ደግሞ «እኔ» ሲል ወንድና ሴት አይለይም፣ ስለዚህ ጠያቂያችንን አንተ ልበል አንቺ ልበል ስለማላውቅ እርስዎ ብዬ እቀጥላለሁ። ይሄን ለጨዋታ ያህል አይደለም ያነሳሁት፣ ያ ፕሮግራምም ከፊቱ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አያውቅም፣ የሱም ጣጣ የኔው ጣጣ ነው።

እንግሊዝኛ ላይ ያው አንዷ «ፕሪንት» የምትለው ቃል ስምም ናት ትእዛዝም ናት፣ ቁልፉ ላይ ትለጠፋለች፣ ርእሱ ላይም እሷው፣ ሜኑው ላይም እሷው፣ አለቀ። የአማርኛ ግስ ግን ከአፍ ሲወጣ ማን፣ ለማን፣ ስንት፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ አንተ ወይስ እርስዎ የሚለውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የትኛው ነው ልክ ብለን ከመከራከራችን በፊት እያንዳንዷ መስመር ላይ እዚህ ጋ የሚናገረው ማን ነው፣ የሚነገረውስ ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያማከሯቸው ሦስት ሰዎች ሦስቱም ትክክል ናቸው እኮ፣ ችግሩ ሦስቱን መልስ ለአንድ ቦታ መፈለጋቸው ነው።

ቁልፉን እንይ። ቁልፉን ሰው ነው የሚጫነው፣ ሲጫነው ማሽኑን እያዘዘ ነው። ማሽንን ደግሞ እርስዎ የሚል ሰው የለም። ስለዚህ «አትም»። ሴት ስትጫነውም ያው «አትም» ነው፣ ምክንያቱም ታዛዡ ማሽኑ ነው እንጂ እሷ አይደለችም፣ ስለዚህ ለሴቶች «አትሚ» የሚል ይጨመር የሚሉ ሰዎች ሐሳባቸው ቅን ቢሆንም አቅጣጫው ተገልብጦባቸዋል። (በንግግር «ፕሪንተሯ እምቢ አለች» የምንል ብዙ ነን፣ አማርኛ ለሚወዱትም ለሚያበሳጭም እቃ የሴት አጠራር ይሰጣል፣ ግን እሱ የንግግር ለዛ ነው፣ ቁልፍ ላይ አይወጣም።) «ያትሙ» ካልን ግን ተናጋሪው ማሽኑ ሆነ ማለት ነው፣ ሰውየውን ተነስተው ያትሙ እያለው ነው። በዛ ላይ «ያትሙ» ለእርስዎም ለእነሱም አንድ ቅርጽ ነው፣ «እነሱ ያትሙ» እንደምንለው፣ ስለዚህ ብቻውን ቁልፍ ላይ ሲቀመጥ ማን ነው የሚያትመው ያሰኛል።

የመስኮቱ ርእስ ላይ ሲመጣ የሚናገርም የሚታዘዝም የለም፣ ርእስ የነገር ስም ነው። እዛ «ህትመት» ወይም «ማተም» ይሁን፣ እኔ «ህትመት» ይሻለኛል ምክንያቱም «የህትመት ምርጫዎች»፣ «የህትመት ወረፋ» እያለ ይቀጥላል። በነገራችን ላይ ከምርጫ ሳጥን በላይ «ፕሪንተር ምረጥ»፣ «ወረቀት ምረጥ» እያሉ መጻፍ ለምን እንደሚወደድ አይገባኝም፣ እዚህ ጋ ማሽኑ ነው ለሰው የሚናገረው፣ ስለዚህ «ምረጥ» ሲል ወንድ አድርጎ አንተ እያለ ማዘዙ ነው። ግሱን አውጥቶ «ፕሪንተር፦»፣ «ወረቀት፦» ብሎ መተው እኮ ይቻላል፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ሲታይ መምረጥ እንዳለበት ማንም አይጠፋውም።

መልእክቶቹ ላይ ነው ትልቁ ዝብርቅርቅ። አንዱ ሰው አንድ ቀን፣ ሌላው ሌላ ቀን ስለሚተረጉመው አንዱ መልእክት «እባክዎ ይጠብቁ» ይላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው «ወረቀት ጨምር» ይላል፣ ያው ፕሮግራም ባንድ አፍታ አክብሮ ባንድ አፍታ ያንጓጥጣል። ማሽን ለሰው ሲናገር እርስዎ ይበል፣ ከዚህ ፈቀቅ አልልም። ግን ከዛ የሚሻል መንገድ አለ፣ ማዘዙን ትቶ የሆነውን መናገር። «ወረቀት አልቋል»፣ «ወረቀት ተቀርቅሯል»፣ «ፕሪንተሩ አልተገናኘም»። ሰው ወረቀት ማለቁን ከሰማ መጨመር እንዳለበት ያውቃል፣ ፆታም ማእረግም ውስጥ ሳይገባ አለቀ። («ከመስመር ውጪ ነው» የሚለውን ብዙ ቦታ አያለሁ፣ ለኔ ግን መንገድ የሳተ መኪና ነው የሚመስለኝ፣ «አልተገናኘም» ወይም «ጠፍቷል» ቢባል ማንም ይረዳዋል።) ሥራው በሂደት ላይ ሲሆን «በማተም ላይ» የሚሉ አሉ፣ ስህተት የለውም፣ «እየታተመ ነው» ግን የሰው አፍ ላይ ያለው ነው።

ጥያቄ ሲሆን ደግሞ «እርግጠኛ ነዎት?» ከማለት አማርኛ ራሱ ያዘጋጀልን ቆንጆ ነገር አለ፣ ተደራጊው የትእዛዝ አንቀጽ። «ይታተም?»፣ «ይቀመጥ?»፣ «ይሰረዝ?»። አንተም አንቺም እርስዎም የለበትም፣ የሚታተመው ነገር ብቻ ነው ያለው። «ሰነዱ 500 ገጽ ነው፣ ይታተም?» ተብሎ ከስሩ «ይታተም» እና «ይቅር» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ቢቀመጡ ጥያቄውና መልሱ ባንድ ቃል ይገናኛሉ፣ አዎና አይ እያሉ መልሶ ጥያቄውን ማንበብም አይኖርም።

«ይቅር» ካልኩ አይቀር እዚሁ ልናገረው። «አትም» ከሚለው ጎን የሚቀመጠውን ቁልፍ ሁሉም ሰው «ሰርዝ» ይለዋል። «ሰርዝ» ደግሞ ፋይል ለማጥፋትም የምንጠቀምበት ቃል ነው፣ ስለዚህ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ከመስኮቱ ሊወጣ ሲል «ሰርዝ» የሚል ያይና ሰነዴን ሊያጠፋብኝ ነው እንዴ ብሎ እጁን ይሰበስባል። ከመስኮቱ መውጫው «ይቅር» ይሁን፣ ይቅርታ መጠየቅ ይመስላል የሚሉ አሉ ግን እኛ ቀኑን ሙሉ «በቃ ይቅር» እያልን አይደል እንዴ የምንውለው። ፕሪንተሩ መሥራት ከጀመረ በኋላ ያለው «ህትመቱን አቁም» ይባል፣ ወረፋ ውስጥ ያለ ሥራ ከዝርዝሩ ሲወጣ ብቻ «ሰርዝ» ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል።

«ፕሪንት» ይባል ያሉት ሰውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ፕሪንተር የሚለው ስም ገብቷል፣ ማንም ይረዳዋል፣ ልተው ቢባልም አይተውም። «አታሚ» ከሚባል እኔ «ፕሪንተር» እመርጣለሁ፣ «አታሚ ይምረጡ» ሲባል መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ድርጅት እንዲፈልግ የተነገረው ነው የሚመስለው፣ ለመሣሪያማ አማርኛ መቁረጫ፣ መጥረጊያ፣ መክፈቻ እያለ የሚሄድበት ቅርጽ ስላለው አማርኛ ይሁን ከተባለ «ማተሚያ» ነው። ግሱ ላይ ግን «ፕሪንት» አቅም የለውም፣ ብቻውን ስለማይረባ ሁሌ «አደረገ» የሚል ተሸካሚ ይፈልጋል፣ «ፕሪንት እየተደረገ ነው»፣ «ፕሪንት አልተደረገም» እያለ ቁልፉም መልእክቱም ይረዝማል። «አተመ» ግን ታተመ፣ እየታተመ፣ አልታተመም፣ ይታተም እያለ እንደልብ ይታጠፋል። ቃሉ ከግእዙ «ኀተመ» የመጣ ነው፣ ማኅተምም ከዛው ነው፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ምልክት ማሳረፍ ድሮም ሥራው ነበር።

ወደ «1 ገጾች ታትሟል» እንምጣ። እዚህ ውስጥ ሁለት ስህተት ነው ያለው። አንደኛው ያዩት ነው፣ አንድ ሆኖ «ገጾች»። ሁለተኛው 3 ቢሆንም የማይስተካከል ነው፣ «3 ገጾች» ካልን «ታትመዋል» እንጂ «ታትሟል» አይሆንም፣ በንግግር ለግዑዝ ነገር እናልፈዋለን ጽሁፍ ላይ ግን ያስታውቃል። ፕሮግራመሮች ለዚህ ነጠላና ብዙ የሚል ሁለት ዓረፍተ ነገር ያዘጋጃሉ፣ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚያደራጀው ዩኒኮድ የተባለው ድርጅት በሚያሳትመው ሲኤልዲአር በሚባለው የቋንቋ መረጃ ክምችት ውስጥም አማርኛ ሁለት መደብ ነው የተሰጠው፣ የሚገርመው ግን 0 ከ1 ጋር ከነጠላው ነው የተመደበው፣ በእንግሊዝኛ 0 ከብዙው ጋር ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝኛው ገልብጠው 1 ከሆነ ነጠላ ካልሆነ ብዙ ብለው ከሠሩት «0 ገጾች» ይመጣል፣ ያስቀይማል። የኔ ምክር ግን ከዚህም ይቀላል፣ አማርኛ ቁጥር ከፊት ካለ ስሙን ማብዛት አያስገድድም። «ሦስት ሰው መጣ» እንላለን፣ «አምስት ኮፒ ስጠኝ» እንላለን፣ ማንም «አምስት ኮፒዎች» አይልም። ስለዚህ «3 ገጽ ታትሟል»፣ «1 ገጽ ታትሟል»፣ «0 ገጽ ታትሟል»፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁሉም ይሠራል። ቁጥር በሌለበት ቦታ ብቻ «ገጾች» ይባል፣ ለምሳሌ «ሁሉም ገጾች»፣ እዛም ቢሆን «ሁሉም ገጽ» አያስወቅስም።

ቁጥር ከተነሳ፣ ፕሮግራሙ «እየታተመ ነው ገጽ 3 ከ 12» የሚል ከሆነ እሱ አማርኛ አይደለም፣ የእንግሊዝኛ ተራ ነው። «ከ12 ገጽ 3ኛው እየታተመ ነው» ነው የሚባለው፣ ልብ ይበሉ ቁጥሮቹ ቦታ ተቀያየሩ፣ ድምሩ ቀደመ። ይሄን ለመጻፍ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በፈለግነው ቅደም ተከተል እንድናስቀምጥ መፍቀድ አለበት፣ ቃሉን ቆራርጦ እየቀጠለ የሚሠራ ከሆነ የፈለገ ጎበዝ ተርጓሚ ቢመጣ አያድነውም፣ ኮዱን የጻፈውን ሰው መጨቅጨቅ ነው ያለው።

የፋይል ስም ሲገባም ተመሳሳይ ነገር ይመጣል። አማርኛ «በ»፣ «ከ»፣ «ለ» የሚሉትን ከቃሉ ፊት ያጣብቃል፣ «ን» ን ደግሞ ከኋላ ይለጥፋል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ቦታው ላይ ምን ዓይነት ስም እንደሚመጣ አያውቅም፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሊሆን ይችላል፣ በቁጥር ያለቀ ሊሆን ይችላል፣ ከዛ ጫፉ ላይ «ን» ተንጠልጥላ ትቀራለች። መፍትሄው ከስሙ በኋላ የታወቀ ቃል ማስገባት ነው፣ «… የተባለው ሰነድ እየታተመ ነው»፣ «… በተባለው ፕሪንተር»፣ ያኔ ቅጥያውን ሁሉ የምናውቀው ቃል ይሸከመዋል፣ ስሙ የፈለገውን ይሁን።

አሁን ደግሞ «ገጽ»። ገጽ የመጽሐፍ ገጽ ነው፣ የወረቀት አንድ ጎንም ነው፣ ፊትም ነው። ሌላ ቦታ አይጎዳም፣ የፕሪንት መስኮት ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ጎን ለጎን አሉ፣ አንዱ ወረቀቱን ገልብጦ ሁለቱንም ጎን ማተም፣ ሌላው ሁለት ገጽ አሳንሶ አንድ ጎን ላይ ማስገባት። መጀመሪያውን «በሁለቱም ገጽ» ሁለተኛውን «ሁለት ገጽ በገጽ» ያለ ተርጓሚ ተጠቃሚውን ለሎተሪ ነው የሰጠው። የመጀመሪያው «በፊትና በጀርባ» ይባል፣ ሰው በንግግርም የሚለው እሱን ነው፣ ሁለተኛው «በአንድ ወረቀት 2 ገጽ»። እንደዚሁ «የወረቀት መጠን» የሚለውም አሻሚ ነው፣ መጠን ስፋትም ነው ብዛትም ነው፣ ከጎኑ የኮፒ ቁጥር የሚሞላበት ሳጥን ስላለ ስንት ወረቀት ነው የተባልኩት ብሎ የሚሞላ አይጠፋም። «የወረቀት ልክ» ቢሉት ይሻላል፣ ኤ4 210 በ297 ሚሊሜትር ነው፣ ልክ ማለት ይሄ ነው፣ ብዛቱን ደግሞ «የኮፒ ብዛት» ይበሉት። አቀማመጡን «በቁመት» እና «በአግድም» ካሉት በቂ ነው፣ ከጎኑ ትንሽ የወረቀት ሥዕል ካለበት ደግሞ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ቅድመ እይታ የሚለው ተለምዷል፣ አይንኩት።

አንድ የቀረ ነገር፣ ብዙ ፕሮግራሞች የህትመት መስኮታቸውን ራሳቸው አይሠሩም፣ ከኮምፒውተሩ ሲስተም ተበድረው ነው የሚያሳዩት፣ ስለዚህ ሜኑው ላይ «አትም…» ብለው የጻፉት ሰው ሲጫነው እንግሊዝኛ መስኮት ቢከፈት የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የሲስተሙ ቋንቋ ነው፣ በዛ መስኮት ውስጥ የእርስዎ የሆነው ፕሮግራሙ የጨመረው ክፍል ብቻ ነው። ሦስቷ ነጥብም ሌላ መስኮት ይከፈታል ማለት ስለሆነች አያጥፏት፣ ወዲያው የሚያትም ቁልፍ ላይ ግን አትግባ። ያን ፊደል ከኪቦርድ ሲመቱት ምርጫው እንዲከፈት ከፊደል ስር የምትሰመረውን አቋራጭ በተመለከተ ግን በአማርኛ ፊደል ላይ አያስምሩ፣ ብዙዎቻችን አንዱን ፊደል የምንጽፈው ሁለት ቁልፍ መትተን ስለሆነ ባንድ ምት አይገኝም፣ የለመድነውን ኮንትሮል ፒ ይተዉልን።